የቀዘቀዘ ቡና፦ ይሙቅ እንጂ አይፍላ

ደሴ ላይ የተቀዳ ቡና ወሬ አይጠብቅም። የጦሳ ተራራ ንፋስ በበሩ ከገባ ስኒው አፍ ሳይደርስ ለብ ይላል፤ ጀበና ውስጥ የቀረውም ከሰሉ ሲከስም አብሮ ይበርዳል። ጥፋቱ የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ፣ ጀበናው እንዳለ ተመልሶ ሲጣድ ነው።

ልማዱ ከቶና ጋር ከመምታታት የመጣ ይመስላል። ቶና ሲጣድ አተላው ላይ አዲስ ውሃ ይጨመራል፤ ያ ውሃ መፍላት አለበት። የቀዘቀዘው አቦል ግን አንዴ ፈልቷል። ከነአተላው ሲደገም አተላው ውስጥ የቀረው ምሬት ሁሉ ይወጣል፣ ቡናው ውስጥ ያለው አሲድም ሙቀት ሲበዛበት ይበልጥ ወደሚመርና ምላስ ወደሚይዝ ነገር ይለወጣል። መዓዛው ደግሞ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቡናውን ከአተላው ለዩት። ጀበናውን ሳትነቀንቁ ማቶቱ ላይ 5 ደቂቃ ያህል አስቀምጡና ቀስ ብላችሁ ወደ ንጹሕ የብረት ኩባያ ገልብጡ። ደፍረስ ብሎ መውረድ ሲጀምር አቁሙ። የመጨረሻዋን ግማሽ ስኒ ለማትረፍ ሲባል ነው ሁሉም የሚበላሸው።

ከሁሉ የሚሻለው ውሃ ውስጥ ማሞቅ ነው። አንድ ሊትር ያህል ውሃ ድስት ውስጥ አፍልታችሁ ከእሳት አውርዱ፤ ኩባያውን መሃሉ አስቀምጡና ክደኑት፤ ውሃው ከኩባያው ግማሽ በላይ ይድረስ። ለ2 ወይም ለ3 ስኒ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይበቃል፤ በመሃል አንዴ አማስሉት።

የቸኮለ ሰው እሳት ላይም ሊያሞቀው ይችላል፤ ግን አመድ በለበሰ ከሰል ላይ፣ ዓይን ሳይነቀል። ዳር ዳሩ የመርፌ አናት የሚያክል አረፋ ሲያወጣና ቀጭን እንፋሎት ሲታይ ይውረድ። መንተክተክ ከጀመረ አልፏል። ጀበናውን ራሱን ለዚህ አትጠቀሙበት፤ ሁለት ስኒ የማይሞላ ቡና ይዞ ፍም ላይ የወጣ ቀዝቃዛ ሸክላ ቡናውን ያሳርራል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል።

«በደንብ ካልፈላ አይሞቅም» ለሚሉ፦ ደሴ 2500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ወደ 94 ይጠጋል። ከዚያ በኋላ ሲንተከተክ ቢውል ይተናል እንጂ ሙቀት አይጨምርም። ለመጠጣት ደግሞ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ በቂ ነው። ቶሎ የሚያበርደው የስኒው ቅዝቃዜ ነውና ስኒዎቹን በፈላ ውሃ ሞልታችሁ አንድ ደቂቃ አቆዩ፣ ከዚያ ደፍታችሁ ቅዱ።

ማይክሮዌቭ ካለ ከብረት ኩባያው ወደ ስኒ ቀድታችሁ 20 ሰከንድ አሙቁና አማስሉ፣ ካነሰ ድገሙ። አፉ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ስኒ ግን ፈጽሞ አይግባ፤ ብልጭታ ይፈጥራል።

ጤና አዳም ከገባበት ከማሞቃችሁ በፊት አውጡና ሲቀዳ አዲስ ቅጠል ጣል አድርጉ። ስኳር ያለበት እታች እንዳይዝ ይማሰል። መረር ካለ በሁለት ጣት ቆንጠር ያለች ጨው ታለዝበዋለች፤ ለወሎ ሰው ቡና በጨው እንግዳ አይደለም። ወተት ያለበት ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ይደፋ።

እንግዳው እንደሚዘገይ ከታወቀ ከማሞቅ ፔርሙስ ይሻላል። በፈላ ውሃ 5 ደቂቃ አሙቁት፣ ውሃውን ድፉና ከአተላው የጠለለውን አቦል እስከ አፉ ሙሉበት፤ ጎዶሎ ፔርሙስ ቶሎ ይበርዳል። ያደረ ቡና ግን ምንም ዘዴ አይመልሰውም። እሱን ደፍታችሁ ጀበናውን በሙቅ ውሃ ብቻ እጠቡ፤ ሸክላ የሳሙና ሽታ ይጠጣል፣ በቀጣዩ አቦል ላይም ይመልሰዋል።