ባልና ሚስት አብረው እንዲጸልዩ፦ ከየት ይጀመራል?

ባለቤቴ ምስር እየለቀመች ነበር። አባቷ ስኳሩ ጠንቶባቸው መርፌ የተጀመረላቸው ሰሞን ነው። ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አባባ እንደ ድሮው የሚሆን አይመስለኝም» አለችኝ። እኔ ቶሎ ብዬ «ለእግዚአብሔር ስጪው» አልኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ከዚያ መልቀሟን ቀጠለች፣ ስለ አባቷም ለብዙ ጊዜ አላነሳችብኝም።

ቃሉ ምንም ስህተት የለበትም። እኔ ግን ክዳን አደረግኩት። ጭንቀቷን መስማት ከበደኝና በእግዚአብሔር ስም ዘጋሁት። በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ «ለምን አብረን አንጸልይም?» እያልኩ የምወተውታት። እሺም እምቢም አትለኝም፣ ዝም ነው። ዛሬ ሲገባኝ፣ ለእኔ መናገር ያልቻለችውን እኔ አጠገቧ ቆሜ ለእግዚአብሔር እንዴት ትናገር?

ስለዚህ አብራችሁ መጸለይ ከፈለጋችሁ ከጸሎቱ አትጀምሩ። መጀመሪያ ክዳኖቻችሁን እወቋቸው። «እግዚአብሔር ያውቃል»፣ «ሁሉም ለበጎ ነው»፣ «በጸሎት በርቺ» የሚሉት ከአፋችሁ የሚወጡት መቼ እንደሆነ ለአንድ ሳምንት ታዘቡ። የትዳር ጓደኛችሁ ተናግሮ ሳይጨርስ ከሆነ ክዳን ሆነዋል ማለት ነው። ከእነሱ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፤ «ምኑ ነው በጣም ያስፈራሽ?» ትበቃለች። ከዚያ ዝም ብሎ መስማት ነው።

በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ላይ ያለውን ሕልቃናን አስቡት። ልጅ ያልወለደችለትን ሚስቱን ሐናን ይወዳታል፣ ከመሥዋዕቱም የተለየ ድርሻ ይሰጣታል። ስታለቅስ ግን «እኔስ ከአሥር ልጆች አልሻልልሽምን?» አላት። ክፋት የለበትም፣ ሊያጽናናት ነው። ግን የምታለቅስበትን ትቶ ስለ ራሱ ነው የጠየቃት። ሐናም ልቧን ለብቻዋ ይዛ ሄዳ እዚያው ሴሎ በእግዚአብሔር መቅደስ አፈሰሰችው፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ ሳይሰማ። እኔ ከዚህ ምዕራፍ በጣም የምወደው ግን ኋላ ያለውን ነው። ልጁ ተወልዶ፣ ሐና ጡት እስኪጥል እቤት ልቆይ ስትለው፣ ያው ሕልቃና ደስ ያሰኘሽን አድርጊ ይላታል። ባል ሲማር እንዲህ ነው።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። ልጆች ከተኙ በኋላ አሥር ደቂቃ ያዙ። ስልክ ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ይዋል። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚነሳበት ሰዓት አይደለም፣ እነዚያ ሌላ ጊዜ አላቸው። አንዳችሁ «ዛሬ ምን ከበደህ?» በሉ፣ ሌላው ይመልስ፣ ከዚያ ተለዋወጡ። ምክር የለም፣ «እኔ ብሆን ኖሮ» የለም። የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት፤ «አለቃህ ሰው ፊት ስለተናገረህ ነው ያዘንከው» እንደማለት። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ የቲያትር ነገር ይመስላል። ግድ የለም፣ ይለመዳል።

ከዚያ ለጸሎት ቁሙ። እኛ የለመድነው አቡነ ዘበሰማያትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ነው። ፕሮቴስታንት የሆናችሁ የራሳችሁ ልማድ አላችሁ። ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ፣ አሁን የሰማችሁትን በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር የትዳር ጓደኛችሁን ስም ጠርታችሁ ለእግዚአብሔር መንገር ነው። ረጅም ጸሎት አያስፈልግም። መጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 8 ላይ ጦብያ ከሣራ ጋር በሠርጋቸው ሌሊት ተነስተው ሲጸልዩ ጸሎቱ ጥቂት መስመር ናት፤ አዳምና ሔዋንን ያነሳል፣ አብረን እንድናረጅ ማረን ይላል። ሣራም አብራው አሜን አለች። ለጀማሪ አሜን ማለት ብቻ ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ፣ የትዳር ጓደኛችሁን በጸሎት አትውቀሱ። «ጌታ ሆይ፣ ይሄን ሰው ቤቱን እንዲወድ ልብ ስጠው» የሚለው ጸሎት ሳይሆን ወቀሳ ነው። ሰውየውም ይገባዋል፣ ነገ ማታ አብሯችሁ አይቆምም። ወቀሳ ካለ ፊት ለፊት፣ ከጸሎቱ በፊት።

ተጣልታችሁ ከሆነስ? ጳውሎስ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ይላል፤ ጴጥሮስ ደግሞ ባሎችን ሚስቶቻችሁን አክብሩ ካለ በኋላ ምክንያቱን ሲነግራቸው «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» ይላል። እኔን ይሄ ያስደነግጠኛል። ሚስቴን አስቀይሜ የምቆመው ጸሎት ይከለከላል ማለት እኮ ነው። ስለዚህ ኩርፊያ ካለ አንዳችሁ «ይቅርታ፣ ክፉ ተናገርኩሽ» በሉ፣ ጉዳዩ ባያልቅም። ድብደባና ማስፈራራት ባለበት ቤት ግን ይሄ ሁሉ ምክር አይሠራም፤ እዚያ የሚቀድመው የተጎዳው ሰው ደህንነት ነው፣ ለሚያምኑት ሰው ነግሮ መውጣትም ቢሆን።

የጾምና የመኝታ ነገርም አለ፣ ብዙ ሰው አያወራውም። ሁዳዴ ሲገባ አንዱ ሳይናገር አልጋ ይለያል፣ ሌላው የተጠላ ይመስለዋል። አንደኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ግን «ተስማምታችሁ» ይላል። መስማማት ማለት ቀድሞ መነጋገር ነው፣ ከቅበላው በፊት ቁጭ ብሎ። ሁለታችሁ አንድ የንስሐ አባት ካላችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሌላው ሚስጥር ነው። ማታ የተነገረ ነገር ለእናት፣ ለእህት፣ ለጓደኛ አይወራም። በጠብ ጊዜም «አንተ ራስህ ፈሪ ነኝ ብለህ የለ» ተብሎ አይመዘዝም። አንዴ ከተመዘዘ ያ ልብ እንደገና እስኪከፈት ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

አንዳችሁ ዱባይ ወይም ጅዳ፣ አንዳችሁ አገር ቤት ከሆናችሁም ይቻላል። የደመወዝና የሐዋላ ወሬ ሳይጀመር ያቺን ጥያቄ አስቀድሙ። ሰዓት ካልገጠመ የሁለት ደቂቃ ጸሎት በድምፅ ቀድታችሁ ላኩ።

የትዳር ጓደኛችሁ እምቢ ካለ አትጎትቱት። እኔ ያደረግኩት ይሄን ነው፤ መጀመሪያ ስለዚያ የምስር ቀን ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ማታ ማታ እሷ ተኝታ እኔ አልጋው ጫፍ ቆሜ፣ እንድትሰማኝ ያህል ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በአጭሩ መጸለይ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ያህል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሰማችኝ። አንድ ማታ አሜን ብዬ መብራቱን ላጠፋ ስል፣ ሳትዞር፣ «የአባባን መርፌ ረሳኸው» አለችኝ።