የደቻቱን ተፋሰስ ለማልማት ገንዘቡ ከፋብሪካና ከመንግሥት እንዴት ይሰበሰባል? ምን ላይስ ይውላል?

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ እያለ ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ ከዚያ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ነው ያለችው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ከገደለ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ያስፈልጋል። ነገር ግን የወንዙ ወለል በደለል ከፍ ባለ ቁጥር ግንቡ ያጥራል፤ ደለሉ የሚመጣው ደግሞ ከላይ ነው። ላይ ያለውን ተዳፋት ለማልማት ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ወይም ኮሚቴ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ቢይዝ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

ከደብዳቤው በፊት ካርታው

ብዙዎች የሚጀምሩት ለፋብሪካዎች ደብዳቤ በመበተን ነው። መልሱም የታወቀ ነው፦ ለችግኝ ተከላ ቀን ጥቂት ቲሸርት፣ ጥቂት ውኃ፣ አንድ ባነር። የትኛው ተዳፋት፣ ስንት ሔክታር፣ ስንት ክትር (ቦረቦር ውስጥ ጎርፉንና ደለሉን የሚይዝ ካብ) የሚለው ሳይታወቅ ብር የሚሰጥ ሥራ አስኪያጅ የለም፤ ቢኖርም የሚሰጠው ከማስታወቂያ በጀቱ ነው፤ እሱም በሚቀጥለው ዓመት ይቋረጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ንዑስ ተፋሰስ ምረጡ። ከ250 እስከ 500 ሔክታር የሆነ ይሁን፤ ከዚያ ከበለጠ ሥራው ይበታተናል፣ ውጤቱም አይታይም። ጎግል ኧርዝ ላይ የውኃ ክፍያውን መስመር (ዝናቡ ወደዚህና ወደዚያ ሸለቆ የሚለያይበትን ሸንተረር) አስምሩና ከቀበሌው የልማት ሠራተኛና መሬቱን ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጋር በእግር ሄዳችሁ አረጋግጡ። ቦረቦሮቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ ርዝመታቸውን፣ ስፋታቸውንና የወለላቸውን ተዳፋት መዝግቡ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦ 10 ሜትር ሲባጎ፣ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት እንጨቶችና መሐል ላይ የሚንጠለጠል ውኃ ልክ ይበቃል። ገመዱ ልኩን ሲይዝ ከፍ ብሎ የቆመው እንጨት ላይ ከጫፉ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ተዳፋቱ 6 በመቶ ነው።

ካርታው ሌላም ነገር ያሳያል፤ ዋናው እንቅፋትም ያለው እዚያ ነው። ከተማዋን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍ ከፊሉ የሚነሳው ከአስተዳደሩ ወሰን ውጭ፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎች ነው። የድሬዳዋ አስተዳደር በጀት በቀላሉ ወሰን ተሻግሮ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ሥራ ላይ ሊውል አይችልም፤ ኦዲተሩም ይጠይቃል። የፋብሪካ ገንዘብ ግን ይሻገራል። ሥራውን ስትከፋፍሉ ይህን አስቡ፦ ከወሰኑ በታች ያለውን መንግሥት፣ ከወሰኑ በላይ ያለውን የፋብሪካው ገንዘብና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይያዙት። ስምምነቱ ሦስት ፈራሚ ይኑረው። ሰነዱም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ፤ ላይ ያለው ገበሬ ያልገባውን ውል አይጠብቅም።

ማን፣ ስለ ምን ብሎ ይከፍላል?

ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ አትጻፉ። ለስላሳ መጠጥ አምራቹ የሚያስበው ስለ ጉድጓዱ ነው። በጎርፍ መንገድ ላይ መጋዘን ያለው ስለ ንብረቱ ያስባል። መልካ ጀብዱ ያለው የኢንዱስትሪ ፓርክና ባቡሩ የሚጨነቁት ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይና ስለ መስመር ነው። ከዚራም ሆነ መጋላ ያሉ ሆቴሎችና ባንኮች ትንሽ ትንሽ ይሰጣሉ፤ ትንሹን አትናቁ፣ ግን ዕቅዱን በእሱ ላይ አትመሥርቱ። ከድርጅቱ ጋር ስትቀመጡ ያለፉት ጎርፎች ስንት ቀን ሥራ እንዳስቆሙት፣ ደለል ለመጥረግ ስንት ቢያጆ እንዳስወጣው ከራሱ መዝገብ እንዲያወጣ ጠይቁ። ሰው የሚያምነው የራሱን ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ። «የጉድጓዳችሁ ውኃ በዚህን ያህል ይጨምራል» ብላችሁ ቃል አትግቡ። እርከንና ክትር ውኃው ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ያደርጋሉ፤ በአንድ ጉድጓድ ላይ በስንት ዓመት ስንት ሜትር እንደሚታይ ግን የከርሰ ምድር ጥናት ሳይኖር መናገር አይቻልም። ቃል ልትገቡ የምትችሉት የሚለካውን ነው፦ የተሠራ ክትር፣ የተያዘ ደለል፣ በሕይወት ያለ ችግኝ። ሁለተኛው ደግሞ ድንጋይ የሚፈነቅል ወይም ኳሪ ያለው ድርጅት የቆፈረውን መሬት መልሶ ማስተካከል ግዴታው ነው። ያንን እንደ መዋጮ ቆጥሮ ሲመጣ በትሕትና መልሱለት፤ ግዴታውና ድጋፉ በተለያየ ወረቀት ይጻፉ።

የመንግሥት ድርሻ በአብዛኛው ጥሬ ገንዘብ አይደለም። የሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራ ጉልበት፣ በጥርና በየካቲት የሚወጣው የዘመቻ ጉልበት፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የባለሙያ ቀን ነው። ይህን በብር ተምኑና በስምምነቱ ውስጥ አስገቡት፤ ድርጅቱ «እኔ ብቻ ነኝ የምከፍለው» እንዳይል ይረዳል። መተመኛውም በአገራችን የተፋሰስ ሥራ ላይ የታወቀ ነው፦ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን፣ አንድ ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን፣ የድንጋይ ክትር ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ።

ዘላቂ ምንጭ የሚፈልግ ከተማ ግን ከውኃ ቆጣሪው መጀመር ይኖርበታል። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ባቋቋመችው የውኃ ፈንድ የከተማዋ የውኃ ድርጅት ከሽያጩ 2 በመቶ ያስገባል። ናይሮቢም እ.ኤ.አ. በ2015 በላይኛው ታና ላይ ድርጅቶችንና የከተማውን የውኃ አገልግሎት ያጣመረ ፈንድ ጀምራለች። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ክፍያ በታሪፍ ውስጥ የሚገባው በአስተዳደሩ ምክር ቤት በኩል ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። የአሸዋ ገቢም አለ፦ ከደቻቱና ከጎሮ ወለል የሚጫነው አሸዋ ላይ ከሚሰበሰበው ክፍያ የተወሰነው ወደ ላይ ይመለስ ብሎ መጠየቅ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። አሸዋ የሚጭኑትን ልጆች ግን ከመጀመሪያው አነጋግሩ፤ ላይ የሚሠራው ክትር እንጀራቸውን የሚያስቀር ከመሰላቸው ጠላት ታፈራላችሁ።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

ገንዘቡ ወደ አንድ ቢሮ የጋራ ሒሳብ ከገባ ከሌላ ወጪ ጋር ይቀላቀላል፤ ዓመቱ ሲያልቅም ያልተሠራበት ይመለሳል። የተሻለው ለዚህ ብቻ የተከፈተ ዝግ ሒሳብ ነው፤ ሦስት ፈራሚ (ከድርጅቶቹ፣ ከመንግሥትና ከተፋሰሱ ተጠቃሚዎች) ይኑረው፤ ሁለቱ ሳይፈርሙ ብር አይውጣ። በአገር በቀል የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት በኩል ካደረጋችሁት በአዋጅ 1113/2011 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በውሉ ላይ ከዚያም ዝቅ አድርጉት። የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበር ለማቋቋም ደግሞ አዋጅ 1223/2012 መሠረት ይሰጣችኋል።

ፋብሪካው ከሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ነገር አንዱ ግብር ነው። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ ከግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ሳይበልጥ በወጪነት ይያዛል፤ ይህም ተቀባዩ ሕጉ የሚያውቀው ሲሆን ነው። አዋጁ ከወጣ ወዲህ ማሻሻያ ስለተደረገበት የድርጅቱ ሒሳብ ክፍል ከመፈረሙ በፊት ያረጋግጥ። ደረሰኙ የማን እንደሚሆንም አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ብዙ መዋጮ የሚዘገየው በደረሰኝ ነው።

በዓይነት የሚሰጥ (ገልባጭ መኪና፣ ሎደር፣ ሲሚንቶ፣ በድንጋይ የሚሞላ የጋቢዮን ሣጥን ሽቦ) ተቀበሉ። ዋጋው ግን በውሉ ቀን ይተመን፤ ነዳጁ የማን እንደሆነም ይጻፍ። ነዳጅ ሳይጻፍ የተዋሱት መኪና ቆሞ ነው የሚውለው።

አንድ ቦረቦር ስንት ይፈጃል?

ለድርጅት የምታቀርቡት ዋጋ ከዚህ ዓይነት ስሌት ይውጣ። ቦረቦሩ 300 ሜትር ርዝመት፣ የወለሉ ተዳፋት 6 በመቶ ይሁን፤ የምትሠሩት የድንጋይ ክትር ውኃ ከሚያልፍበት አፉ እስከ ወለሉ 1 ሜትር ቁመት አለው እንበል። በክትርና በክትር መካከል ያለው ርቀት ቁመቱ በ1.2 ተባዝቶ ለተዳፋቱ ሲካፈል ይገኛል፦ 1.2 ለ0.06፣ ማለትም 20 ሜትር። ስለዚህ 15 ክትር። ቦረቦሩ 5 ሜትር ቢሰፋና ክትሩ በየጎኑ 75 ሳንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው ቢገባ ርዝመቱ 6.5 ሜትር ነው። መሠረቱ ግማሽ ሜትር ይቆፈራል፤ ውፍረቱ ከታች 2 ሜትር፣ ከላይ 1 ሜትር። አንዱ ክትር 15 ሜትር ኩብ ያህል ድንጋይ ይበላል፤ 15ቱ 225 ሜትር ኩብ፤ ጉልበቱ 450 የሰው ቀን። ድንጋዩ በመኪና የሚመጣ ከሆነ በ16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ 15 ቢያጆ ያዙ። ዋጋውን በሰሞኑ ገበያ አባዙትና ለአንድ ክትር የሚወጣውን ብር ለብቻው አሳዩ። «አምስት ክትር እንያዝ» የሚል ድርጅት «ለተፋሰሱ እንስጥ» ከሚለው ይሻላል፤ ሄዶ የሚያየው ነገር አለውና።

ቦረቦሩ ከ3 ሜትር በላይ ከጠለቀ ወይም ከላዩ ሰፊ ውኃ ካለው ደረቅ ካብ አይችለውም፤ ጋቢዮን ይሁን። 2 በ1 በ1 ሜትር የሆነው ሣጥን 2 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይይዛል።

ክትር የሚፈርስበት ምክንያት ጥቂት ነው፤ ሁሉም በዓይን ይታያል። መሐሉ ከዳሩ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካላለ ውኃው በጎን ዞሮ ግድግዳውን ይበላና ክትሩ ለብቻው ቆሞ ይቀራል። ከፊቱ ውኃው የሚወድቅበት የድንጋይ ምንጣፍ ከሌለው ከሥሩ ተቦርቡሮ ይደረመሳል። ጋቢዮን ውስጥ ከሽቦው ቀዳዳ ያነሰ ድንጋይ ከተሞላ በአንድ ጎርፍ ይረግፋል፤ የፊቱና የኋላው ሽቦ በመሐል ካልተሳሰረ ሆዱ ይነፋል። ተዳፋቱ ላይ እርከን ሳይሠራ ቦረቦሩ ውስጥ ክትር ብቻ መደርደር ደግሞ ገንዘብ ለጎርፍ መስጠት ነው፤ ከላይ ጀምሩ።

አንድ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ድንጋይ በሜትር ኩብ ሒሳብ ከገዛችሁ የድሮው እርከን ድንጋይ እየተነቀለ ይሸጥላችኋል። ድንጋዩ ከየት እንደሚነሳ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ክፍያውም ለተጠናቀቀ ክትር እንጂ ለተከመረ ድንጋይ አይሁን።

ጊዜውና አከፋፈሉ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችሁ ለሴክተር ቢሮው እስከ የካቲት ይድረስ። የድንጋይ ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ቢያልቅ ይመረጣል። ብዙ ዕቅድ ግንቦትን መጨረሻ ያደርጋል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን የበልግ ዝናብም ጎርፍ ያመጣል፣ በግማሽ የቀረ ክትር ካልተሠራው ይብሳል።

ከፋብሪካው ብር ግማሹን ለድንጋይና ለሽቦ፣ ሩቡን ለእርከን፣ ለችግኝና ለሥልጠና አውሉት። የቀረውን ሩብ አትንኩት፤ የሦስት ዓመት ጥገናና ጥበቃ ነው። ድርጅቶች ይህን መስመር መሰረዝ ይወዳሉ፣ ፎቶ አይነሳምና። ከተሰረዘ ግን የመጀመሪያው ክረምት ያወጣውን አንድ ድንጋይ የሚመልስ ሰው ስለማይኖር ሁለተኛው ክረምት ክትሩን ይወስደዋል። ክፍያው በደረጃ ቢሆን 30 በመቶ ሲጀመር፣ 40 በመቶ ተለክቶ ሲረከብ፣ 20 በመቶ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ በመስከረም፣ 10 በመቶ ከሁለተኛው በኋላ ጥሩ ይሠራል።

ችግኙን በተመለከተ ቁጥር አያታልላችሁ። 2 ሜትር በ2 ሜትር ሲተከል በሔክታር 2,500 ይገባል፤ ደረቁ ተዳፋት ግን ይህን አይሸከምም፤ 3 በ3 አድርጉትና 1,100 ያህል ትከሉ፣ ሲሶው ይሞታል ብላችሁ ለመተኪያ ያዙ። ከታች ቁርቁራ፣ ግራርና ኒም፣ ከላይ ወይራ ይስማማሉ፤ የእርከን ጫፍ ላይ እሬትና ቃጫ ፍየል አይነካቸውም። ፕሮሶፒስ የሚባለውን ወራሪ ዛፍ ማንም በነፃ ቢያመጣላችሁ አትቀበሉ፤ አፋርን ምን እንዳደረገ ይታወቃል።

ከልካላችሁ የምትይዙት መሬት የሰው ግጦሽ ነበር። ሣሩ እየታጨደ ለማን እንደሚደርስ፣ ከብት ያስገባ ምን እንደሚቀጣ ማኅበሩ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ይወስን፤ ይህ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ጥበቃውም ከዚያው ቀበሌ ይቀጠር፤ ደመወዙን ማኅበሩ ከጥገናው ሒሳብ በየወሩ ይክፈለው።