ክሩ ለምን ተበጠሰ? በጣና ዳር ለሚያጠምዱ ችግርና መፍትሄ

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ከሐይቁ ዳር እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ አሁንም በጠሰብኝ! ወፍራሙን ክር ይስጡኝ» አለኝ። አምባዛ ነው ያመለጠው። በአንድ ጠዋት ሦስተኛው መሆኑ ነው።

ክሩን ተቀብዬ ጫፉን ወደ ብርሃን አዞርኩት። እንደ ዱባ ሐረግ ጫፍ ተጠምዝዟል። ክሩ አልተበጠሰም ማለት ነው። ቋጠሮው ነው የተፈታው። ወፍራሙን ብሰጠው ኖሮ ይብስበት ነበር፤ ወፍራም ናይለን ደረቅ ስለሆነ ቋጠሮው ጥብቅ ብሎ አይገጥምም።

ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ያመለጠው ሰው መጀመሪያ የሚለው «ክሩ ቀጥኖ ነው» ነው። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ እል ነበር። ወፍራም ክር ገዛሁ፣ ከዚያም የባሰ ወፍራም ገዛሁ። መጨረሻ ላይ መበጠሱ ቀረና ዓሣው ራሱ መጉረስ ተወ። ዛሬ የማምነው ሌላ ነው። ክር የሚመረጠው ለዓሣው፣ ለቦታውና ለመንጠቆው ነው። ሲበላሽ ደግሞ ምን እንደጎደለው ጫፉ ይናገራል።

መጀመሪያ ጫፉን እዩ

እኔ የተበጠሰ ጫፍ አልጥልም። ደብተር ላይ በፕላስተር እለጥፈዋለሁ። ከጎኑ ቀኑን፣ ቦታውንና የክሩን ውፍረት እጽፋለሁ። ገጾቹ ሲበዙ ጫፎቹ በአራት ዓይነት እንደሚመጡ ገባኝ።

የተጠመዘዘ ጫፍ። ይህ የልጁ ነው። ቋጠሮው ተንሸራትቶ ሲፈታ ናይለኑ ይጠመዘዛል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዙሩ ማነሱ ነው። መፍትሄው ይኸውላችሁ። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉት። ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጠምጥሙት። ከዚያ ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት ውስጥ አሾልኩት። አሁን ከመሳባችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ዙሮቹ ተራ በተራ እየተደረደሩ ሲተኙ ይታያችኋል። ትርፉን ስትቆርጡ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ተዉለት።

ማርጠቡን እንደ ቀላል አትዩት። ደረቅ ናይለን በናይለን ላይ ሲፋተግ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ክሩን ያዳክመዋል። ቋጠሮው ስር ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጫፍ ካገኛችሁ፣ ሳይረጥብ የተሳበ መሆኑን ጠርጥሩ። ክር ቀድሞውንም ከሁሉ ይልቅ የሚደክመው ቋጠሮው ላይ ነው። እዚያ ላይ ሌላ ጉዳት አትጨምሩበት።

የሻከረ ጫፍ። በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል፣ ነጣ ነጣ ይላል፣ ከበላዩም አንድ ክንድ ያህል ተፋፍቋል። ይህ የድንጋይ ሥራ ነው። የጣና ሐይቅ የተፈጠረው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ የዓባይን መንገድ ስለዘጋው ነው። በእኛ በኩል ባለው ዳርቻ የምንቆምበት ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ የዚያው ነው። ጠርዙ እንደ ሞረድ ነው። አምባዛ ሲያዝ ደግሞ ወደ ታች ይሄዳል፤ ክሩን ድንጋዩ ላይ እያሸ ይጎትታል።

ለዚህ ክሩን በሙሉ መቀየር አያስፈልግም። መንጠቆው አጠገብ ያለውን የመጨረሻ ግማሽ ሜትር ብቻ ወፍራም አድርጉት። ዋናው ክር ውፍረቱ 0.35 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጫፉ ላይ 0.50 ቀጥሉበት። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላም የመጨረሻውን አንድ ሜትር በሁለት ጣት መሐል አሳልፉት። ትንሽ ከሻከረ ቁረጡና እንደገና ቋጥሩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከፈትል የተሠራው የተጎነጎነ ክር ጠንካራ ነው ብላችሁ ለድንጋይ እንዳትመርጡት። ሲጎተት ብርቱ ነው፤ ድንጋይ ላይ ሲታሽ ግን ቶሎ ይቆረጣል።

የተሰባበረ ጫፍ። ክሩ እዚህም እዚያም ይበጠሳል። በእጅ ቋጥራችሁ ስትስቡት ቀጭ ይላል። ይህ በፀሐይ ያረጀ ነው። ናይለን ፀሐይ አይወድም። አንድ ጊዜ በር ላይ ከተሰቀለ ጥቅል ላይ ክር ገዝቼ ነበር። ወረቀቱ በፀሐይ ደብዝዞ ጽሑፉ አይነበብም። ርካሽ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ይዤው ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን አራት መንጠቆ ወሰደብኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ አልገዛም። አንድ ክንድ ያህል አስመዝዤ መሐሉ ላይ ተራ ቋጠሮ እቋጥራለሁ፤ ሁለቱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልዬ እስባለሁ። በባዶ እጅ አትሞክሩት፤ ሥጋ ይቆርጣል። ክር ገዝታችሁ ስትገቡም ሳጥን ውስጥ እንጂ መስኮት ላይ አታስቀምጡት።

የተሳበ ጫፍ። ጫፉ ቀጥኗል፣ ረዝሟል፣ ከላይ ጤነኛ ነው፣ ቋጠሮውም በቦታው አለ። እዚህ ላይ በእውነት ክሩ ቀጥኗል። ከአራቱ «ወፍራሙን ስጠኝ» የሚያስብለው ይህ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ጥቂት መጨመር ይበቃል። የአንድ ዓይነት ክር ውፍረት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከ0.30 ወደ 0.35 መሻገር ብቻ ከሲሶ በላይ ይጨምራል። በእጅ ክር የምታጠምዱ ደግሞ ክሩን መዳፋችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ዓሣው ሲፈረጥጥ በጣታችሁ መሐል እየተንሸራተተ ይሂድ። ሲደክም ይመጣል።

ተንሳፋፊው ቡሽ ይነቀነቃል፣ ምግቡ ያልቃል፣ ዓሣ የለም

ይህ የቆሮሶ ችግር ነው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው። ምግቡን ከዳር ከዳር ይለቅመዋል። በወፍራም ክርና በትልቅ መንጠቆ ከሄዳችሁበት ሊጡን አብልታችሁት ትመለሳላችሁ። ወፍራም ክር ምግቡን ገትሮ ይይዘዋል፤ ዓሣው ሲስበው አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ይተፋዋል።

ለቆሮሶ ከ0.22 እስከ 0.28 ያለ ክር ይበቃል። መንጠቆው 8 ወይም 10 ቁጥር ይሁን። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ፤ 10 ከ8 ያንሳል። ለትልልቆቹ ግን 1/0፣ 2/0 እያለ ሲጨምር መንጠቆውም ይተልቃል። ይህን ስንቱ ሰው ተሳስቶ ይገዛል።

ሊጡ ቶሎ የሚሟሟ ከሆነ ጥቂት የጥጥ ጭረት አብራችሁ እሹት፤ መንጠቆው ላይ ይቆያል። ከሁሉ በፊት ግን የመንጠቆውን ጫፍ ፈትሹ። የአውራ ጣት ጥፍራችሁ ላይ አሳርፉትና በቀስታ ሳቡት። ከተንሸራተተ ደንዟል። ከያዘ ስለት አለው። የደነዘውን በጥሩ ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ማሸት ይመልሰዋል። የዛገውን ጣሉት።

ነጭ ዓሣ ሌላ ጠባይ አለው። በጣና 15 ያህል ዓይነት አለ፤ ከግማሽ የማያንሱት ሌላ ዓሣ እየበሉ ይኖራሉ። ይህ በዘመዶቻቸው፣ በካርፕ ወገን ዓሦች ዘንድ እንግዳ ነገር ነው፤ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውምና። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እነዚህን ሊጥ አይስባቸውም። ትንሽ የሚያብረቀርቅና የሚሽከረከር ብረት ይከተላሉ። ክራቸው ከ0.28 እስከ 0.35 ቢሆን ጥሩ ነው።

ከጠዋት እስከ ቀትር ምንም አይነካም

እዚህ ላይ ክሩን ተዉት፤ ቦታውንና ሰዓቱን ጠይቁ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ባላችሁ ኃይል አርቃችሁ መወርወር ትርፉ ድካም ነው። ቆሮሶን ከደንገሉ ጥግ ፈልጉት። በክረምት ውኃው በደለል ስለሚደፈርስ ዓሣው ክር አይቶ አይሸሽም። ያኔ የሚጠቅመው ሽታ ያለው ምግብ ነው። አምባዛ ደግሞ በጢሙ እየዳሰሰና እየቀመሰ ነው የሚፈልገው፤ ጉበት፣ ሳንባ፣ የመሬት ትል ይወዳል። ሲመሽ ይነቃል። ለእሱ ከ0.40 እስከ 0.50፣ መንጠቆውም ከ1/0 እስከ 3/0።

ለአምባዛ ብላችሁ አምሽታችሁ ስትቀመጡ ግን ጉማሬን አስቡ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል። በእሱና በውኃው መሐል አትቁሙ። ከደንገሉ ራቅ ብላችሁ፣ ዙሪያው በሚታይ ቦታ ሁኑ። የተያዘ መንጠቆ ለማስለቀቅም ውኃ ውስጥ አትግቡ። ቢልሃርዚያ በዳርቻው አለ። መንጠቆ በትንሽ ገንዘብ ይገዛል።

እርሳሱ ድንጋይ ወይም እምቦጭ ውስጥ ይቀራል

ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጠውን የእርሳስ ክብደት ዋናው ክር ላይ አትቋጥሩት። ከዋናው በሚቀጥን አጭር ክር ለብቻው አንጠልጥሉት። ሲያዝ ቀጭኑ ይበጠሳል፤ እርሳሱ ይቀራል፣ መንጠቆውና ዓሣው ይመጣል። ልጆች እርሳሱን ክር ላይ ለማጥበቅ በጥርሳቸው ሲጨፈልቁ አያለሁ። እባካችሁ ከልክሏቸው፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ ለልጅ አእምሮ ደግሞ ይብሳል። በፒንሳ ይጨፍለቅ።

የተቆረጠውን ናይለን ኪሳችሁ ክተቱት። ዳር ላይ የተጣለው ዓመታት ቢያልፉም አይበሰብስም። አንድ ቀን ክንፏና እግሯ በናይለን የታሰረ ወፍ ከደንገሉ መሐል አውጥቻለሁ። ክሩን በምላጭ እየቆረጥኩ ስፈታት ልቧ በመዳፌ ውስጥ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ክሩ እየተጠቀለለ ያስቸግራል

ከጥቅሉ የወጣ አዲስ ክር እንደ ስፕሪንግ ከተጠቀለለ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆዩት፤ ከዚያ ከዛፍ አስራችሁ በቀስታ ሳቡት። የሚሽከረከር ብረት ስለምትጠቀሙ ከሆነ የተጠመዘዘው፣ ከብረቱ በፊት በራሱ የሚዞር ትንሽ ማያያዣ አስገቡ። በጣም ከከፋ መንጠቆውን ፈትታችሁ ባዶውን ክር ከሚሄድ ጀልባ ኋላ ልቀቁት። ራሱን ይፈታል።

በክረምት ወንዝ አፍ ላይ ይበዛል፣ በኋላ ይጠፋል

ይህን በመጨረሻ ያደረግሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ነሐሴና መስከረም ላይ ነጭ ዓሣ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይወጣል። የሚወጣው እንቁላል ሊጥል ነው። አፉ ላይ ተጨናንቆ ስለሚያልፍ ማንም ይይዘዋል። ሆዱን ስትቀዱት ግን ቢጫ እንቁላል ሞልቶ ታገኙታላችሁ። አንዷን ስታወጡ ከኋላዋ የሚመጣውን ሁሉ አወጣችሁ ማለት ነው። በመረብ ወንዙን የሚዘጉ፣ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭተው የሚበትኑ ደግሞ አሉ። ብርብራ ትልቅ ትንሹን አይለይም፤ ሁሉንም ያፍናል።

ለዚህ ችግር የሚመረጥ ክር የለም። በእነዚያ ወራት ከወንዝ አፍ ራቁ። እኔ ያኔ ቤት ተቀምጬ ያረጀውን ክር አስወግዳለሁ፣ መንጠቆ እስላለሁ፣ ደብተሬን አገላብጣለሁ። ዘንድሮ የጎረቤቴ ልጅም አብሮኝ ይቀመጣል። ቅዳሜ ዕለት በራፌ ላይ ቋጠሮ ሲለማመድ ዋለ። የበሩ እጀታ ላይ እያሰረ፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ይስበዋል። ስድስቱ ተፈቱ፤ ሰባተኛው ያዘ።