ደብተርና በር ማንኳኳት፦ ከመረዳዳት ወደ አክቲቪዝም እንዴት ይገባል?

ለአካባቢዬ አንድ ነገር ላድርግ ስትሉ መጀመሪያ የሚታያችሁ ሰልፍ ወይም ፊርማ ማሰባሰብ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ጎረቤት በማገዝ ጀምሩ እላለሁ። የማይተዋወቅ ሰው ተባብሮ መጠየቅ ይከብደዋል።

ሦስት አራት ሆናችሁ ተነሱ። አንድ ሕንፃ ወይም አንድ መንገድ ይበቃል። በእግር የማትደርሱበትን አትያዙ።

ከዚያ ደብተር አውጡና ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል «የሚያስፈልገኝ»፣ በሌላው «የምችለው» ብላችሁ ጻፉ። በር ያንኳኳችሁበትን ሰው ሁሉ ሁለቱንም ጠይቁ። ይቺን እንዳትዘሏት! መረዳዳትን ከምጽዋት የሚለየው ይሄ ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ዕቃ የሚያወጣላቸው ሰው ይፈልጋሉ እንበል። «እርስዎስ ምን ይችላሉ?» ሲባሉ መጀመሪያ «እኔ ደግሞ ምን አቅም አለኝ» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ልብስ እንደሚሰፉ፣ ከሰዓት በኋላ ልጅ መጠበቅ እንደሚችሉ ያጫውቷችኋል። ጻፉት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የቡድኑ አባል ናቸው።

ማክሰኞ እመጣለሁ ያለ ማክሰኞ ይምጣ። ገንዘብ ካዋጣችሁ ያዡና መዝጋቢው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ሒሳቡንም ሁሉም ይየው። የሰው ችግር ግን ወሬ አይሁን። ማን ምን እንደጎደለው የሚያግዘው ሰው ብቻ ቢያውቅ ይበቃል።

በወር አንዴ ደብተሩን አብራችሁ አንብቡት። ዕቃ አውጡልኝ ያሉት አምስት ደርሰዋል? እንግዲያው ሊፍቱ ለምን አይሠራም ብላችሁ ጠይቁ። አክቲቪዝም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለው ብላክ ፓንተር ፓርቲ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ ለተማሪዎች ነፃ ቁርስ ማብላት ሲጀምር ልጆቹ ጠገቡ፤ ልጅ ለምን ተርቦ ትምህርት ቤት ይሄዳል የሚለው ጥያቄም አብሮ አደባባይ ወጣ።

ጥያቄያችሁ አንድና ግልጽ ይሁን፦ ሊፍቱ በዚህ ቀን ይጠገን። በጽሑፍ አድርጋችሁ ለሕንፃው ባለቤት ስጡ። ኮፒ አስቀሩ፤ ማን መቼ እንደተቀበለም መዝግቡ። ስትሄዱ የአራተኛ ፎቋን እናት ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀስ እያሉም ቢሆን ይውረዱ። የዚያን ደረጃ ነገር ከሳቸው በላይ የሚናገር የለም። መልስ እስኪመጣ ድረስ ታዲያ ዕቃ ማውጣቱ እንዳይቋረጥ።