ፈልቶም አልሞቅ ያለ ውሃ፣ ፍሪዘር ውስጥ የፈነዳ ጠርሙስ፦ ችግሩ የት ነው?

እሳቱ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ውሃው ይንተከተካል። ቴርሞሜትሩ ግን 100 ላይ ቆሞ ፍንክች አይልም። ብዙ ሰው ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ደህና ነው፣ አትጣሉት።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ውሃ መፍላት ከጀመረ በኋላ የምንሰጠው ሙቀት ቁጥሩን ከፍ አያደርግም፤ እርስ በርስ ተሳስበው የተያያዙትን ሞለኪውሎች አላቅቆ ወደ ጋዝ በመልቀቅ ያልቃል። ይሄ ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። 1 ግራም ውሃ ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 418 ጁል (ጁል የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይበቃል፤ ያችኑ 1 ግራም እዚያው 100 ላይ እንዳለች ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ ግን ወደ 2,260 ጁል ያስፈልጋል። ከአምስት እጥፍ በላይ! ቴርሞሜትር ላይ ስለማይታይ ድብቅ ሙቀት ይባላል። በረዶ ሲቀልጥም እንዲሁ ነው፤ በረዶና ውሃ አብረው እያሉ በደንብ ካማሰላችሁት ቁጥሩ ከ0 አይነቃነቅም።

መፍትሄው? አንዴ ከፈላ እሳቱን ቀንሱት። በቀስታ የሚፈላውም የሚንተከተከውም እኩል ነው የሚሞቁት፣ የሚንተከተከው ቶሎ ይደርቃል እንጂ። ከ100 በላይ የግድ ካስፈለገ ግፊት መጨመር ነው፤ ፕሬዠር ኩከር 120 ዲግሪ አካባቢ የሚደርሰው በዚህ ነው።

100 ሳይደርስ ከፈላባችሁ ደግሞ ያላችሁት ከፍታ ቦታ ላይ ነው። ከባህር ወለል በየ300 ሜትሩ ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር የመፍያው ነጥብ 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ረዘም አድርጋችሁ ቀቅሉ።

ፍሪዘር ውስጥ ጠርሙስ ፈነዳ? ውሃ በረዶ ሲሆን ሞለኪውሎቹ በመሃላቸው ክፍተት ትተው ስለሚደረደሩ 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። አብዛኛው ነገር ሲጠጥር ይጠባል፣ ውሃ ግን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን አትሙሉት፣ ቢያንስ ከላይ አንድ ስድስተኛውን ባዶ ተዉለት። ብርጭቆ ነክ ዕቃ ከሆነ ግን ባይገባ ይሻላል።

ቀዝቃዛ ብርጭቆ በውጭ በኩል ላብ ካወጣ የሚያፈስ እንዳይመስላችሁ። ሚዛን ላይ አስቀምጡትና ተመልከቱ፤ ቢያፈስ ኖሮ አይከብድም ነበር፣ እሱ ግን በትንሹ እየከበደ ይሄዳል። ውሃው የመጣው ከአየሩ ነው። አየሩ ውስጥ በጋዝ መልክ ያለው ውሃ ቀዝቃዛውን ብርጭቆ ሲነካ ሙቀቱን ይለቅና ፈሳሽ ይሆናል። ካስቸገራችሁ ባለ ሁለት ግድግዳ ኩባያ ተጠቀሙ።

በረዶው ፍሪዘር ውስጥ ሳይቀልጥ ካነሰ በቀጥታ ከጠጣር ወደ ጋዝ እየሄደ ነው። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጉት።

የመጨረሻው፣ እባካችሁ ልብ በሉት። ከሚፈላ ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ ነጩ ጭስ ከመጀመሩ በፊት ምንም የሌለበት የሚመስል ትንሽ ክፍተት አለ። ትክክለኛው እንፋሎት እሱ ነው፣ አይታይም። ነጩ ቀዝቅዞ ጠብታ የሆነው ነው። እንፋሎቱ ቆዳ ላይ ወደ ውሃ ሲመለስ ያንን 2,260 ጁል እዚያው ያራግፈዋል፣ ለዚህ ነው ከፈላ ውሃ ይልቅ ክፉኛ የሚያቃጥለው። ክዳን ስትከፍቱ ከእናንተ ወዲያ አዘንብላችሁ ክፈቱ። ካቃጠላችሁም ወዲያው ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፤ በረዶ አታስነኩት።