ፍየል ላይ የኋሊት፦ የአውሮፓን የጠንቋይ ሥዕሎች በክፍል ውስጥ ማስነበብ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ ላሉ የታሪክና የሥነ ጥበብ ክበባት የሚሆን ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ 80 ደቂቃ ይበቃል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ ቃሉን አጥሩ። ወሎ ውስጥ «ጠንቋይ» ሲባል የሚታሰበው ሰው በእግሩ ሄዶ፣ ከፍሎ የሚያስገምተው ነው። አውሮፓ ውስጥ የተቃጠለችው ግን ብዙውን ጊዜ ላም ሲነጥፍ፣ በረዶ ሰብል ሲመታ፣ ሕፃን ሲሞት የተጠረጠረች ጎረቤት ነበረች፤ ለቡዳ ትቀርባለች። ልዩነቱ፣ ቡዳ በዘርና በሙያ፣ በሸክላ ሠሪና በቀጥቃጭ ላይ የሚለጠፍ ስም ሲሆን የዚያኛው ክስ ደግሞ «ከሰይጣን ጋር ተዋውላለች» የሚል መሆኑ ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ በሦስት ዓምድ ጻፉት፤ 5 ደቂቃ ነው። ካልተጻፈ አንዱ ተነሥቶ «ታዲያ አጭበርባሪ ቢቀጣ ምን አለበት?» ይላል፣ ክፍለ ጊዜውም በዚያው ያልቃል።

አራት ሥዕሎች በኤ3 ወረቀት አሳትሙ፦ የአልብሬክት ዱረርን «ፍየል ላይ የኋሊት የምትጋልብ ጠንቋይ»፣ የሃንስ ባልዱንግን «የጠንቋዮች ጉባኤ»፣ የሄንሪ ፉዝሊን «ቅዠት» (The Nightmare) እና የፍራንሲስኮ ጎያን «የአእምሮ እንቅልፍ ጭራቆችን ይወልዳል»። ጥቁርና ነጭ ይሆናል። መብራት ስለማይታመን ፕሮጀክተር ላይ አትንጠልጠሉ። የደሴ ጉም ባረጠበው ግድግዳ ላይ ፕላስተር አይይዝም፤ ሲባጎ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ።

ከዱረር ጀምሩ፤ በ1500 ገደማ የተሠራ ነው። ከትልቁ ቅጂ ሌላ አንድ በትክክለኛው መጠን፣ 11.5 በ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እየተቀባበሉ ይዩት። ይህ ለግድግዳ ሳይሆን ለእጅ የተሠራ ነው፤ ያለዚህ ትንሽ ቅጂ ነገሩ አይገባም። 3 ደቂቃ ዝም ብለው ይዩ፣ ከዚያ የተገለበጠውን ሁሉ ይቁጠሩ። አሮጊቷ ፍየል ላይ የኋሊት ተቀምጣለች። የፀጉሯን አነፋፈስ ከፍየሉ አሯሯጥ ጋር ያስተያዩ። ከሠዓሊው ፊርማ ሁለት ፊደላት፣ «ኤ» እና «ዲ»፣ «ዲ»ዋ ተገልብጣለች፤ ብዙዎች ሆን ብሎ ነው ይላሉ። ጥግ ላይ የሚወርደውን በረዶ ግን የገበሬ ልጅ ሳይነገረው ያገኘዋል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቁ ተማሪዎች ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ያነሣሉ፤ ጥሩ ነው፣ ካላዩት ጋር አጣምሯቸው።

ቀጥሎ ባልዱንግ፣ 1510። ባልዱንግ በዱረር ወርክሾፕ የሠራ ሰው ነው፤ ፍየል ላይ የኋሊት የተቀመጠችውም እዚህ ተመልሳ መጥታለች። የትምህርቱ ልብ እዚህ ነው፤ ሥዕል ከሥዕል ሲቀዳ፣ ደጋግሞ ያየው ሰው መቀዳቱን ረስቶ ማስረጃ ይመስለዋል። አታሚው ሁለት የተቀረጸ እንጨት ተጠቅሟል፣ አንዱ ለጥላው ቀለም፣ አንዱ ለጥቁሩ መስመር። ለሁለት በተቆረጠ ድንች ይሞከር፦ የመጀመሪያውን ግማሽ በቡናማ ቀለም አትሙ፣ ሲደርቅ ዙሪያው ተቀርጾ መስመሩ ብቻ ጎልቶ የቀረበትን ሌላውን ግማሽ በጥቁር ከላይ ደግሙ። ከመጀመሪያው ድንች ተቆርጦ የወጣው ቦታ ወረቀቱን ነጭ አድርጎ ስለሚተው ብርሃን ይመስላል። የድንቹ ውሃ ቀለሙን ያቀጥነዋል፤ የተቆረጠውን ፊት ጨርቅ ላይ ደፍታችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። ሁለተኛው እንዳይዛነፍ ወረቀቱ ላይ ሁለት ማዕዘን በእርሳስ አመልክቱ።

አሁን ችሎቱ። ዮሐንስ ዩኒየስ በጀርመን የባምበርግ ከተማ ከንቲባ ነበር፤ በጥንቆላ ተከሶ በ1628 ከእስር ቤት ለልጁ ለቬሮኒካ በድብቅ ደብዳቤ ጻፈ። ገራፊው ራሱ፣ እውነትም ይሁን አይሁን፣ አንድ ነገር ፈጥረህ ተናገር ብሎ እንደለመነው ይናገራል። ቀጥሎ ተባባሪዎችህን ጥራ ተባለ፤ ጎዳና በጎዳና እየወሰዱ በዚህ ማንን ታውቃለህ አሉት። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ቡዳ በላው የተባለ ሰው በጭስ ታፍኖ «ማነው የበላህ?» እየተባለ ሲለፈልፍ ያስታውሳሉ። ያስታውሱ። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስም ሲጠራ የሚቆመው ምንድን ነው?

ፉዝሊ ላይ ብዙ አትቆዩ። በተኛችው ሴት ደረት ላይ የተቀመጠውን ፍጡር ሲያዩ ክፍሉ ራሱ «ዱካክ!» ይላል፤ ትርጓሜ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ አክሉ፤ ፉዝሊ ስዊዘርላንዳዊ ነው፣ ሥዕሉን በ1781 ሠራው፣ በ1782 ለንደን ላይ ለሕዝብ ታየ። በዚያው በ1782 በአገሩ፣ ግላሩስ ላይ፣ የጌቶቿ ልጅ ወተት ውስጥ መርፌ ከትታለች የተባለችው አና ጎልዲ አንገቷ ተቆረጠ። በ2008 ነው ነጻ ናት የተባለችው።

የጎያው፣ የ1799፣ የመጨረሻ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋ ሰው፣ ከኋላው ጉጉትና የሌሊት ወፍ። ጎያ የሚሳለቀው በአጉል እምነት ነው፤ ፊት ከቀረበ ተማሪው ዱረርንም እንደ ቀልድ ያነባል።

ቁጥር ሲጠየቅ፦ የተገደሉት በጥንቃቄ ሲገመት ከ40,000 እስከ 60,000 ናቸው፣ ሦስት አራተኛ ያህሉ ሴቶች። «ዘጠኝ ሚሊዮን» የሚለው ስሕተት ነው። «በመካከለኛው ዘመን» የሚለውም እንዲሁ፤ የባሰው ከ1560 እስከ 1630 ባለው ጊዜ ነበር፣ ብዙውን የፈረደውም የመንግሥት ችሎት ነው።

«እኛ ሰፈርም እገሊት…» ብሎ የሚጀምር አይጠፋም። ስሙ ሳይወጣ አቁሙት፤ ተግሣጽ አያስፈልግም፣ «አንዲት ሴት» በል ማለት ይበቃል። ሥዕሎቹንም ሳትወጡ አውርዱ፤ ተሰቅለው ካደሩ ጠዋት ከአሮጊቷ ሥር የአንድ ሰው ስም በእስክሪፕቶ ተጽፎ ታገኛላችሁ።