የኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ሶፍትዌር ቡድን ግቡን እንዴት በቁጥር ያስቀምጥ?

«ሲስተሙን እናሻሽላለን» ብላችሁ ግብ አትጻፉ። መድረሳችሁን በምን ታውቃላችሁ?

መጀመሪያ አሁን ያላችሁበትን ለኩ። ደመወዝ ከገባ በኋላ ስንት ሰው «ተሳስቷል» ብሎ መጣ? ያለፉትን ሦስት ወራት ቁጠሩና በምክንያት ለዩት፦ የጡረታ መዋጮው (ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) ነው፣ ትርፍ ሰዓት ነው ወይስ የዓመት ፈቃድ? በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የዓመት ፈቃድ ቢያንስ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምርና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ሲስተሙ ይህን ጭማሪ ከዘለለ ሠራተኛው መብቱን ነው የሚያጣው፣ እኔ ብሆን ከዚህ እጀምራለሁ።

ከዚያ ግቡ እንዲህ ይጻፍ፦ «በወር 20 የነበረው የደመወዝ ቅሬታ እስከ ሰኔ 30 ወደ 5 ይውረድ።» ኃላፊነቱን አንድ ሰው ይያዝ። ቅሬታ መቁጠር ብቻ ግን አይበቃም፤ ሰው ተስፋ ቆርጦም ዝም ይላል። በየወሩ የጥቂት ሠራተኞችን ደመወዝ በእጅ አስልታችሁ አመሳክሩ።